ለመርሳት በሽታ የሚገዙ ሮቦቶች፦ ባሕር ዳር ቤት ውስጥ የትኛው ያስነሣል፣ የትኛው ያስቀምጣል?

«ለእማዬ ምን ላምጣላት?» የሚለው ጥያቄ ከዋሽንግተንም ከስቶክሆልምም ይመጣል። እናት የመርሳት በሽታ ካለባት፣ ቀኑን ሙሉ ከተቀመጠችበት ካልተነሣች፣ ድሮ ደስ የሚላትን ሥራ ሁሉ ከተወችው፣ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ያመሽና «ለአረጋውያን ጓደኛ የሚሆን ሮቦት» የሚል ማስታወቂያ ላይ ይደርሳል። ድመት አለ፣ ውሻ አለ፣ ነጭ የባሕር እንስሳ አለ፣ እጁን እያነሣ ስፖርት የሚያሠራ ትንሽ ሰው መሳይም አለ። ይህ ግምገማ እነዚህን ይመለከታል። የምንመዝናቸው ግን ባሕር ዳር ውስጥ ባለ ተራ ቤት ሚዛን ነው፦ መብራት በሚጠፋበት፣ ዋይፋይ በሌለበት፣ አማርኛ ብቻ በሚነገርበት፣ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ክፍል በሚጋሩበት ቤት።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። የሚያረጋጋ ሮቦትና የሚያስነሣ ሮቦት አንድ አይደሉም፤ ብዙው ገንዘብ የሚባክነው አንዱን ፈልጎ ሌላውን በመግዛት ነው። ነጭ የባሕር እንስሳ በሚመስለው፣ ፓሮ በተባለው ሮቦት ላይ አውስትራሊያ ውስጥ ትልቅ ጥናት ተሠርቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። በ28 የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት የሚኖሩ 415 የመርሳት ሕሙማን በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የሚሠራውን ፓሮ፣ ሁለተኛው መንቀሳቀሻው የተዘጋ ፓሮ፣ ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። በሳምንት 3 ቀን፣ ለ15 ደቂቃ፣ ለ10 ሳምንት። ፓሮ የያዙት ሰዎች የበለጠ ተናገሩ፣ የበለጠ ተመለከቱ። ነገር ግን በክንድ ላይ በታሠረ መለኪያ እርምጃቸው ሲቆጠር የቀን እርምጃቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ይልቅ ቀነሰ። ቀኑን ሙሉ እየተቅበጠበጠች በር በር ለምትል እናት ይህ መልካም ዜና ነው። ከወንበር አልነሣ ላለች እናት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቤታችሁ ያለው ችግር የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ድመቷ ስለሆነ ከእሷ እንጀምር። «ጆይ ፎር ኦል» የሚባለው ምርት መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካው የመጫወቻ ኩባንያ ከሃዝብሮ ነው፤ በ2018 ኤጅለስ ኢኖቬሽን ወደሚባል ድርጅት ዞሯል። ዋጋው ከ100 እስከ 150 ዶላር አካባቢ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ በገበያ ስለሚተመን በብር ብንጽፈው ነገ ይሳሳታል፤ በሚገዙበት ቀን ያስሉት።

ድመቷ ጀርባዋን ሲደባብሷት ሆዷ ውስጥ እየነዘረች ታንኮራፋለች። ጉንጯን ሲነኳት ፊቷን ወደ እጅ ታስጠጋለች፣ ቆየት ብላ ትጋደምና ሆዷን ትሰጣለች፣ እግሯን አንሥታ ትልሳለች። ማብሪያዋ ሦስት ቦታ አለው፦ ጠፍቶ፣ ከድምፅ ጋር፣ ያለ ድምፅ። ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካች ትተኛለች፤ ሲነኳት ትነቃለች። መራመድ አትችልም። ኢንተርኔት አትፈልግም፣ ቻርጀር የላትም፣ ቋንቋም አያስፈልጋትም። ለባሕር ዳር ቤት ትልቁ ጥቅሟ እዚህ ላይ ነው።

ጣጣዋ ድንጋይ ነው። የምትሠራው በ4 «ሲ» መጠን ባትሪ ድንጋይ ነው፤ ይህ መጠን እንደ ትንሿ «ደብል ኤ» በየሱቁ አይገኝም። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ከሚመጣው ሰው ጋር ሁለትና ሦስት ዙር አልካላይን ድንጋይ ማስመጣት ነው። ሁለተኛው «ደብል ኤ»ን ወደ «ሲ» መጠን የሚያሳድግ የፕላስቲክ ቀፎ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ነገር ግን የትንሿ ድንጋይ ጉልበት የትልቋን ሲሶ ያህል ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ከተጠቀሙ ደግሞ እያንዳንዱ 1.5 ሳይሆን 1.2 ቮልት ነው፤ አራቱ ሲደመሩ 6 መሆን የነበረበት 4.8 ይሆናል፤ ድመቷ ድምፅዋ ይሰልላል፣ መገላበጧም ይዘገያል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አይቀላቅሉ። በጣም ርካሹ ድንጋይ ይፈሳል፤ ሲፈስ ሞላውን ያዝገዋል፣ ከዚያ በኋላ ድመቷ አንዳንዴ ትሠራለች አንዳንዴ እምቢ ትላለች፤ ሰዎች «ሞተሩ ተቃጠለ» ብለው የሚጥሏት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከሳምንት በላይ የማትነካ ከሆነ ድንጋዩን አውጥተው ያስቀምጡ።

ጸጉሯን በሚመለከት፦ ቅቤ የተቀቡ እናቶች እጅ፣ የወጥ ዘይትና የቡና ጭስ ቶሎ ያጠቁሯታል። ውኃ ውስጥ አትነከርም። በለስላሳ ሳሙና በተለቃለቀና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠርጓት፣ ጥላ ላይ ያድርቋት፣ በማበጠሪያ ያበጥሯት። አንዳንድ እናቶች ጉርሻ ያጎርሷታል፤ ይህ አያስቆጣ። አጠገቧ ትንሽ ሳህን ያኑሩና «ወተቷን ከጓዳ አምጪላት» ይበሉ። ሳህኑን ለማምጣት መነሣት አለ፣ መሄድ አለ፣ ጎንበስ ቀና ማለት አለ።

የሚያረጋጋውን ሮቦት ወደሚያስነሣ መለወጥ የሚቻለው እንዲህ ነው። እቅፍ ውስጥ የተቀመጠች ድመት እናትን ወንበር ላይ ታስራታለች። ከክፍሉ ማዶ፣ መስኮት አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለች ድመት ግን ትጠራለች። አስታማሚዋ ሄዳ ትነካትና ታስጮሃታለች፤ «ፀሐይ ላይ እናውጣት»፣ «ጸጉሯ ተጨማደደ፣ አበጥሪያት»፣ «ይህን ጨርቅ ዘርጊላት» ትላለች። መሬት ላይ ግን በጭራሽ አይቀመጥም፤ ግራጫ ድመት ግራጫ ሲሚንቶ ላይ ተኝታ የደከመ ዓይን አያያትም፣ መሰናክል ትሆናለች። ዳሌ ከተሰበረ ስለ እንቅስቃሴ ማውራት ያበቃል።

ውሻው ከድመቷ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሲናገሩት ይጮሃል፣ ጀርባውን ሲደባብሱት የልብ ምት ይሰማል። በሥራው እንከን የለውም፤ ነገር ግን ለአካባቢያችን አረጋውያን አንመክረውም። ዕድሜዋን ሙሉ ውሻን ከደጅ ያላሳለፈች እናት ጭን ላይ ውሻ ሲቀመጥላት «ውጣ!» ብትል ትክክል ናት። ከዚሁ ኩባንያ የሚወጣ ሦስተኛ እቃ ግን ከሁሉም በላይ ለርዕሳችን ይቀርባል፦ የመራመጃ ዎከር ላይ የምትታሠር ወፍ። ስትንቀሳቀስ ትንጫጫለች፤ የተሠራችውም ሰው ዎከሩን ረስቶ እንዳይነሣ፣ ይዞትም እንዲሄድ ለማበረታታት ነው። ዎከር ለታዘዘላት እናት ከድመቷ ይልቅ ይህችን ያስመጡ። ዎከር የሌለበት ቤት ግን ወፏን መግዛት ጥቅም የለውም፤ በዚያው ገንዘብ ከዘራዋ ጫፍ ላይ አዲስ ጎማ ይቀየርላት፣ መጸዳጃው ግድግዳ ላይም የብረት መያዣ ይተከልላት።

ፓሮን በአጭሩ እንለፈው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ታካኖሪ ሺባታ የሠራው የአቆስጣ ግልገል ነው፤ 57 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከ2.5 ኪሎ በላይ ክብደት፣ የንክኪ፣ የብርሃን፣ የድምፅ፣ የሙቀትና የአቀማመጥ ሴንሰር አለው። ቻርጀሩ በሕፃን ጡጦ ጫፍ መልክ አፉ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የሕክምና መሣሪያ ሆኖ ተመዝግቧል። ዋጋው 6,000 ዶላር አካባቢ ነው። ሰሪዎቹ ይህን እንስሳ የመረጡት ሰው በአካል ስለማያውቀው ከእውነተኛው ጋር እንዳያነጻጽረው ብለው ነው፤ ጣና ዳር ላለች እናት ነጭ ጠቦት መስሎ ሊታያት ይችላል፣ ያም አይከፋም። ለአንድ ቤት ግን ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት አይገባም። ለአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከል፣ ብዙ ሰው በተራ ለሚጠቀምበት ቦታ፣ ያውም ለሚጨነቁና ለሚጮሁ ሕሙማን ከሆነ ሊታሰብ ይችላል።

ወደ ሰው መሳዮቹ እንምጣ። ናኦ 58 ሳንቲ ሜትር ቁመትና ወደ 5.5 ኪሎ ክብደት ያለው፣ በሁለት እግሩ የሚቆም ሮቦት ነው። ዞራ የሚባለው የቤልጂየም ፕሮግራም ተጭኖበት ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ውስጥ አረጋውያንን በቡድን ስፖርት ያሠራል፤ እጁን ያነሣል፣ ይቆጥራል፣ ይዘፍናል፣ የተቀመጡት ይከተሉታል። ለማስነሣት ከተሠሩት መካከል ጥሩው እሱ ነው። ሆኖም በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ዋጋውን ትተን አራት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ባትሪው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ቆሞ ብዙ ሲሠራ የእግሩ መገጣጠሚያ ሞተሮች ይግላሉ፤ ሲግሉ ራሱን ለማዳን ይላላል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ተቀምጦ እጁን ብቻ እንዲያሠራ ማድረግ ይሻላል። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ወንበር ላይ ላለ ሰው ለመታየት ጠረጴዛ ላይ መቆም አለበት፤ ከጠረጴዛ ከወደቀ ጣቱ ወይም አንገቱ ይሰበራል፣ መለዋወጫም አጠገባችን የለም። አራተኛውና ዋነኛው አማርኛ አለመናገሩ ነው።

የቋንቋው ችግር ግን መውጫ አለው። ናኦ ኮሪግራፍ በሚባል ፕሮግራም በኮምፒውተር ይታዘዛል፤ እንቅስቃሴው በሣጥን በሣጥን ይቀጣጠላል፣ ከንግግር ሣጥኑ ፋንታ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ሣጥን ይገባል። አንድ የአማርኛ መምህር ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ድምፅ ተቀድቶ «ቀኝ እጃችንን ወደ ላይ… አንድ… ሁለት…» ቢባል ሮቦቱ ከእጁ ጋር አስማምቶ ያጫውተዋል። መስማማቱ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ለወጣት የሚመች ፍጥነት ለእነዚህ አረጋውያን ይፈጥናል፤ በእያንዳንዱ ትእዛዝና በሚቀጥለው መካከል ቢያንስ 8 ሰከንድ ይተው። ሁለት ትእዛዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይጨመርም። ይህን ሥራ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች እንደ መመረቂያ ፕሮጀክት ብናየው ደስ ይለናል። አዲስ አበባ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ አይኮግ ላብስ ሶፊያ በተባለችው ሰው መሳይ ሮቦት ሶፍትዌር ላይ ሠርቷል፤ ሶፊያም እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ነበር። እውቀቱ አገር ውስጥ አለ ማለት ነው፤ የቀረው ለእናቶቻችን ማዋል ነው።

ፔፐር፣ በቁመት የናኦ ታላቅ ወንድም፣ 120 ሳንቲ ሜትር ቁመትና ወደ 28 ኪሎ ክብደት አለው፣ በጎማ ይሄዳል፣ ደረቱ ላይ ታብሌት አለ። ደፍ ያለበት፣ ቄጠማ የሚጎዘጎዝበት፣ ምንጣፉ ጫፉ የሚነሣ ቤት ለእሱ አይሆንም። እንደ ኤሊኪው ያሉት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ ሮቦቶች ደግሞ ያለ ኢንተርኔት አይሠሩም፣ አማርኛም አይሰሙም፤ አያስመጡ። በዚህ ወገን ልባችንን የሳበው ቴሳ የሚባለው የኔዘርላንድስ ሮቦት ነው። መልኩ የአበባ ማሰሮ ነው። እጅ የለውም፣ አይሄድም፤ ቤተሰብ ከሩቅ ሆኖ በስልክ የጻፈለትን ማሳሰቢያ በሰዓቱ ይናገራል፣ ሙዚቃ ያጫውታል። እሱም የእኛን ቋንቋ አይናገርም፤ ሐሳቡን ግን ወስደን እቤት ልንሠራው እንችላለን። እንደ እኛ ፍርድ ባሕር ዳር ላለ ሰው ለማስነሣት ከሁሉም የሚሻለው ይኸው እቤት የሚሠራው ነው።

የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ፣ የሚያስቀምጡበት መልካም መልክ ያለው ነገር (ሙዳይ፣ የአበባ ማሰሮ፣ የበግ አሻንጉሊት)፣ ቻርጀርና ፓወር ባንክ ነው። ድምፁን በስልኩ መቅጃ ይቅዱ፣ የስልኩ የራሱ «ክሎክ» ውስጥ ገብተው ማንቂያ ይክፈቱ፣ ከጥሪ ድምፅ ፋንታ የቀዱትን ይምረጡ፣ በየቀኑ እንዲደግም ያድርጉ። ሌላ አፕ አይጫኑ፤ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከበስተኋላ ያሉትን ይዘጋቸዋል፣ ክሎኩን ግን አይዘጋውም። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም።

ሁለት ነገር ሁልጊዜ ያሳስታል። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማስነሣት ስልኩ ላይ የሚሞላው 9:00 ኤኤም ነው። 3:00 ኤኤም ብሎ የሞላ ሰው እናቱን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያስነሣታል፤ በጨለማ የልጇን ድምፅ ሰምታ የተነሣች የመርሳት ሕመምተኛ ልትወድቅ፣ ከቤትም ልትወጣ ትችላለች። ሞልተው ከጨረሱ በኋላ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት እርስዎ ባሉበት ይፈትሹት። ሁለተኛው ብሉቱዝ ስፒከር ነው። ስፒከሩ ዝም ሲል ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ያጠፋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ድምፁ ሙዳይ ውስጥ ካለው ስልክ ብቻ በቀጭኑ ይወጣል ወይም ጭራሽ አይሰማም። ድምፅ ማጉላት ካስፈለገ በሽቦ የሚገናኝ ይጠቀሙ፤ ካልሆነ ስልኩን ከተቀመጠችበት ከአንድ ሜትር ተኩል ባልራቀ ቦታ፣ የድምፅ ቀዳዳው ወደ እሷ ዞሮ ያኑሩት። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይዘጋ። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ከልጅ ድምፅ ይልቅ የጎልማሳ ወፈር ያለ ድምፅ ይመረጣል።

አሁን ዋናው፣ የሚቀዳው ቃል። ከ10 ሰከንድ አይበልጥ። ማን እንደሆነ፣ አንድ ሥራ፣ የሥራው ምክንያት፤ በቃ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ብርቱካን። ቡና ልንወቅጥ ነው፣ ነይ አግዢን።» ይህ ያስነሣል። «እማዬ፣ አሁን የስፖርት ሰዓትሽ ነው፣ ሐኪም አዟል» ግን አያስነሣም። «ትፈልጊያለሽ?» አይባልም፤ መልሱ «አይ» ነው። «ታስታውሻለሽ?» አይባልም፤ የጎደላትን መንካት ነው። የሬዲዮ ጋዜጠኛ አነጋገር አይያዝ፤ ልጅ እናቱን በየቀኑ «አንቺ» የሚል ከሆነ «አንቺ»፣ አባቱን «እርስዎ» የሚል ከሆነ «እርስዎ» ብሎ ይቅዳ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ፣ በመካከል 20 ሰከንድ ዝምታ ትቶ መቅዳት ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ቀልብን ይጠራል፣ ሁለተኛው ይገባል።

ማንም የማይፈጽመውን ቃል ፈጽሞ አይቅዱ። አሜሪካ ያለ ልጅ በናፍቆት «እማዬ፣ እየመጣሁ ነው» ብሎ የላከው ድምፅ በየጠዋቱ ቢደገም፣ እናት በየጠዋቱ በር ላይ ትቆማለች፣ ከዚያም አልፋ ትወጣለች። በተለይ ቤቱ ለጣና የቀረበ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። «ጊዮርጊስ እንሳለም» የሚል ድምፅ የሚቀዳው አብሮ የሚሄድ ሰው በዚያ ሰዓት ካለ ብቻ ነው።

ምን ሥራ ይጠራበት? ከዚህ በፊት እጅ የለመደው። የቡናውን ሥነ ሥርዓት ብቻ ብንፈታው የአንድ ጠዋት እንቅስቃሴ ይሞላል፦ ቡናውን መልቀም ለጣት ነው፤ ማጠቡ መቆምን ይጠይቃል፤ ቄጠማውን መጎዝጎዝ ማጎንበስ ነው፣ የሚያዞራት ከሆነ ይቀርባት፤ ከሁሉ የሚበልጠው መውቀጥ ነው፤ ሙቀጫና ዘነዘና ክንድን፣ ትከሻንና ወገብን ያሠራል፣ ድምፁም ራሱ ምት ይሰጣል። የተቆላው ሲዞር አስታማሚዋ መቁያውን ይዛ፣ እናት አብራ ለእያንዳንዱ ሰው ታስሸትታለች፤ ያ እርምጃ ነው። መቁላቱና ከሰሉ ግን ለእሷ አይተውም። ጥጥ ማባዘት፣ እንዝርት ማሾር፣ ምስር መልቀም፣ ሰፌድ ማንገዋለል በዚሁ መንገድ ይቀዳሉ። ዕድሜውን በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሰ አባት ቡና ውቀጥ ቢባል አይነሣም፤ ክር አጠንጥን ቢባል ግን እጁ ራሱ ይሄዳል። ካህን ለነበሩ አባት ከዘራቸውንና የደጁን ጥላ ማሰብ ነው።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ያለው ምርጡ ነው፤ ጭንቅላት ረፍት አግኝቷል፣ ፀሐይም አልከረረም። ከ11 ሰዓት በኋላ ምንም ጥሪ አይቀመጥ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙ ሕሙማን ይደናገራሉ፣ ድምፅ ሲጨመርበት ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና 3 ቀን የሚዛን ልምምድ ይመክራል፤ ለመርሳት ሕመምተኛ ይህ በ10 በ10 ደቂቃ ተቆርጦ ሲሰጥ ነው የሚቻለው። ከመነሣት በፊት አንድ ደቂቃ ጫፍ ላይ ትቀመጥ፣ እግሯ መሬት ይንካ፤ ድንገት ስትነሣ የደም ግፊቷ ስለሚወርድ ነው የምትንገዳገደው።

ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ደብተር ይያዙ፦ የተጠራችበት ሰዓት፣ ተነሣች ወይስ አልተነሣችም፣ ስንት ደቂቃ ቆየች። ስልክ መቀነቷ ውስጥ ተሸጉጦ እርምጃ ሊቆጥር ይችላል፤ እግር ሳያነሡ በመጎተት የሚሄዱትን ግን አሳንሶ ስለሚቆጥር ቁጥሩን ሳይሆን ከሳምንት ሳምንት ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። በሁለት ሳምንት ምንም ካልተለወጠ ድምፁን ወይም ሥራውን ይቀይሩ። አንድ ሰሞን ሠርቶ ከሰለቻትም እንዲሁ።

የማይሠራበትና የማይገባበትም አለ። የሌለ ነገር ለሚያዩ፣ ግድግዳ ላይ ሰው አለ ለሚሉ ሕሙማን አካል የሌለው ድምፅ ያስፈራል፤ መንፈስ ጠራኝ ብለው ቢደነግጡ የሚገርም አይደለም። ለእነሱ የተቀዳውን ድምፅ ይተዉ። ድመቷም ሌሊት ከአልጋ አጠገብ ትውጣ። ስጦታ ሆና ስትቀርብም «መጫወቻ አመጣንልሽ» አይባልም፤ ትልቅ ሰው ናት፣ ትሰማለች፣ ታፍራለች። «ይቺን ያዢልኝ» ይበቃል። «እውነተኛ ናት?» ብላ በቀጥታ ከጠየቀች እውነቱን ይንገሯት፤ ካልጠየቀች ግን እየደባበሰች ያለችበትን ሰላም ማረም አያስፈልግም።

ትናንት ስትሄድ የነበረች እናት ዛሬ ድንገት አልነሣም ካለች፣ ከተደናገረች ወይም ከተኛች፣ ይህ የሮቦት ጉዳይ አይደለም፤ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይውሰዷት። ምንም ሮቦት ከመግዛት በፊትም ዓይኗ (ሞራ)፣ ጆሮዋ፣ የታይሮይድ ዕጢዋና የቫይታሚን ቢ12 መጠኗ፣ የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች እየወሰደች መሆኑ ይታይ፤ ድብርትም መርሳት መስሎ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ ሲታከም ብቻ ከወንበር የሚነሡ አሉ።

እንግዲህ ለውጭው ልጅ የሚላከው መልስ ይህ ነው። እናት የምትጨነቅና የምትቅበጠበጥ ከሆነች ድመቷን፣ ዎከር ካላት ወፏን፣ አልነሣም ያለች ከሆነች ደግሞ የራሱን ድምፅና የማይጠቀምበትን ስልክ ይላክ። ቻርጀሩ 100–240 ቮልት የሚል መሆኑን ጀርባው ላይ ያንብብ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው፣ ከ100 ዋት ሰዓት አይብለጥ። ድመቷን ከሱቅ ሲቀበል እዚያው ያብራት፣ ጀርባዋንና ሁለቱንም ጉንጮቿን ይንካ፣ ስትገላበጥ ይይ፤ እዚህ ከደረሰች በኋላ መመለስ የለም። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከድንጋዩ ቤት አጠገብ ባለው ማብሪያ ጎን ፕላስተር ለጥፎ፣ በስክሪፕቶ በአማርኛ «ጠፍቷል»፣ «ከድምፅ ጋር»፣ «ያለ ድምፅ» ብሎ ይጻፍበት።